ያረጀ መኪና ምስክርነቱ ለማን ነው?

ደብረ ማርቆስ ላይ ለሚወጣ ተዝካር ከአዲስ አበባ ለመነሣት የተሰናዱ አንድ ሽማግሌ ወዳጄ፣ ከልጆቻቸው ሁሉ በዕድሜ የሚበልጠውን ቮልስዋገናቸውን ጋራዥ አስገብተው የፍሬን ሸራውን ካስለወጡ በኋላ፣ የእኅታቸውን ልጅ «የኋላው ወንበር ባዶ ነው፤ ሚስትህንና ልጅህን ይዘህ አብረን እንሂድ» ብለው ቢጋብዙት፣ እሱ አንገቱን ደፍቶ «ጋሼ፣ እኛ በአውቶቡስ እንመጣለን» አላቸው። ሽማግሌው ቅር ተሰኝተው «ይህ መኪና ከገዛሁት ጀምሮ አንድ ቀን እንኳ መንገድ ላይ ጥሎኝ አያውቅም» ቢሉት፣ «እኔስ የምፈራው ይህንኑ አይደለም?» ሲል መለሰ። ከዚያ በኋላ ባለቤታቸው «ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል» ሲሉ፣ ጎረቤታቸው ደግሞ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ሲል፣ ክርክሩ ተረት በተረት ሆኖ ሳይቋጭ ቡናው አለቀ። እኔን ግን እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ፣ መኪናው ብዙ መንገድ ሄዶ አንድ ጊዜም አለመቆሙን ሁለቱም እያመኑ፣ ይህንኑ አንዱን እውነት ሽማግሌው የመታመኛ፣ ወጣቱ የመፍሪያ ምክንያት ማድረጋቸው ነው።

አሮጌ መኪና ለአገር ይበጃል ወይስ አይበጅም የሚለውን እዚህ አላነሣም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ፣ አገልግለው ከውጭ በሚገቡ መኪኖች ላይ ዕድሜያቸው በገፋ መጠን የሚከብድ ታክስ ሲጥል መንግሥት የበኩሉን ተናግሯል፤ አዲስ ለመግዛት አቅሙ ያልፈቀደለት ሰውም ያለውን እየጠገነ የራሱን መልስ ሰጥቷል። የእኔ ጥያቄ ያለፈ አገልግሎት ስለሚመጣው ሊመሰክር ይችላልን? የሚመሰክርስ ከሆነ ምስክርነቱን ሊቀበል የሚገባው ማን ነው? የሚል ነው።

በ18ኛው ምእት ዓመት የኖረው የስኮትላንድ ፈላስፋ ዴቪድ ሂዩም፣ ፀሐይ እስከ ዛሬ ስለ ወጣች ነገም ትወጣለች ብለን የምናምነው አእምሯችን በማስረጃ ተረትቶ ሳይሆን ልማድ ስለ ገዛን ነው ሲል አስተምሯል። ሽማግሌው ወዳጄ ይህን ቢሰሙ ስለ መኪናቸው የያዙትን እምነት ከፀሐይዋ እምነት ጋር አንድ አድርገው ባሳለፉት ነበር፤ የእኅታቸው ልጅ ግን አያሳልፋቸውም፤ ፀሐይ በመውጣቷ ብዛት ስታልቅ ያየ ሰው የለምና፣ መኪና ግን በመሄዱ ብዛት ያልቃል። እያንዳንዱ ኪሎ ሜትር ለጽናቱ ምስክር የሚሆነው ከጽናቱ ቆርሶ ነው፤ ስለዚህ ያለፈው በበዛ ቁጥር ምስክሩም ይበዛል፣ የተመሰከረለትም ነገር ያንሳል።

ይህ ተቃውሞ ብርቱ ነው። መሐንዲሶችም በሌላ መንገድ ይደግፉታል፤ የሠሩትን ዕቃ ዕድሜ በሦስት ከፍለው፣ በሕፃንነቱ በአሠራሩ ጉድለት ቶሎ እንደሚሰበር፣ በጎልማሳነቱ ብልሽቱ ጥቂትና ድንገተኛ እንደሚሆን፣ በእርጅናው ደግሞ በማለቁ ምክንያት ብልሽቱ እየበዛ እንደሚሄድ ይናገራሉ። በሕፃንነት ዘመን እስከ ዛሬ አለመሰበር በእውነት መልካም ምልክት ነው፤ በእርጅና ዘመን ግን ያው አለመሰበር ዕዳው ገና አለመከፈሉን ብቻ ያሳያል።

ልቤ ከሽማግሌው ጋር ስለ ነበረ ለዚህ ተቃውሞ ብዙ ጊዜ መልስ ስፈልግለት ቆየሁ፤ ያገኘሁትም መስሎኝ ነበር። መኪና አንድ ዕድሜ ያለው አንድ ባሕርይ አይደለም፤ አካሉ የሃምሳ ዓመት፣ ሞተሩ ወርዶ ከተሠራ የጥቂት ዓመት፣ ፍሪሲዮኑ የአምና፣ የፍሬን ሸራው የትናንት ነው። ስለዚህ «አርጅቷል» የሚለው ፍርድ ከየትኛው አካሉ እንደሚጀምር ሳይነገር በጠቅላላው ሊፈረድ አይገባም፤ ያለቀው እየተለወጠ የሚኖር ነገር ከእርጅናው ብዙውን በየጋራዡ አራግፎ ይሄዳል። በዚህ መልስ ረክቼ ሳለሁ ግን የመሐንዲሶቹ ሦስት ዘመናት ተመልሰው መጡብኝ፤ ትናንት የገባው ሸራ በሕፃንነቱ ዘመን ያለ፣ ከሁሉም ይልቅ ያልተፈተነ ነገር ነውና። ልምድ ያለው ሾፌር ከጋራዥ በወጣ ማግሥት ሩቅ መንገድ የማይነሣው ይህን በእጁ ስለሚያውቅ ነው። እንግዲህ ወዳጄ ለጉዞው ብለው ያደረጉት መልካም ዝግጅት ራሱ፣ እጅግ የሚያውቁትን መኪና ከሁሉ ይልቅ በሚያስፈልጋቸው ብልት በኩል እንግዳ አደረገባቸው።

የሽማግሌው እውነተኛ መታመኛ ግን፣ እሳቸው በአፋቸው እንዳሉት፣ መኪናው አለመቆሙ ብቻ ነው ብዬ አላምንም። የቀድሞው ቮልስዋገን የኪሎ ሜትር ቆጣሪ አምስት አኃዝ ብቻ ስላለው 99,999 ሲሞላ ተመልሶ አምስት ዜሮ ይሆናል፤ ስንት ጊዜ እንደ ዞረ ብረቱ አይናገርም፣ የሚናገሩት ባለቤቱ ናቸው። በመስተዋቱ ላይ የተለጠፈው የዓመቱ ቦሎም ስለ ተመረመረበት ስለ አንዱ ቀን እንጂ ስለ ሌላው አይመሰክርም። ወዳጄ የሚያውቁት ሌላ ነው፤ ማለዳ ሲነሣ እንዴት እንደሚያጉረመርም፣ በስንተኛው ማርሽ ምን ያህል እንደሚንቀጠቀጥ፣ ካንዴላው ሲቆሽሽ ድምፁ እንዴት እንደሚቆራረጥ ያውቃሉ። ይህ ሞተር በውኃ ሳይሆን በአየር የሚበርድ ነውና፣ ማራገቢያውን የሚያዞረው ቺንጋ ቢበጠስ ያው ቺንጋ ዲናሞውንም ስለሚያዞር በፊታቸው ቀይ መብራት ይበራል፤ ያን ጊዜ አንድ ኪሎ ሜትር ልጨምር ሳይሉ ዳር ይዘው ሞተሩን ማጥፋት እንዳለባቸው፣ መለዋወጫውም ቺንጋ ከመሣሪያው ጋር በየት በኩል እንደ ተቀመጠ ያውቃሉ። ይህ መታመን ልማድ ከሚባለው ከፍ ያለ ዕውቀት ነው፤ መኪናው አይበላሽም የሚል ተስፋ ሳይሆን፣ ሲበላሽ አስቀድሞ ይነግረኛል የሚል ነው።

በዚህ ላይ የማይለቀኝ አንድ ነገር ብቻ ቀረ፤ ዝም ብሎ የሚመጣ ብልሽትስ? በዚሁ በደብረ ማርቆሱ ጉዞ ላይ፣ ከጎሐ ጽዮን ተነሥቶ ዓባይን ተሻግሮ ደጀን የሚያደርሰው መንገድ ወደ 40 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ ግማሹ ቁልቁለት፣ ግማሹ ዳገት ነው፤ ቁልቁለቱም ከደጋ ወደ ቆላ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ የሚጥል ነው። በዳገቱ በኩል ያለው መከራ ሁሉ ይናገራል፤ ሞተሩ ይግላል፣ ይደክማል፣ ይጮኻል፣ ቢቆምም የሚጎዳው መንገደኛው ከሰዓቱ መዘግየቱ ነው። የቁልቁለቱ መከራ ግን ጠባዩ ሌላ ነው። ፍሬን አብዝቶ የሚረግጥ ሰው ታምቡሩን ያግለዋል፤ የጋለ ታምቡር ይሰፋል፣ ከሸራው ይርቃል፣ ሸራውም በግለቱ መያዙ ይላላል፤ ሳይለወጥ የቆየ የፍሬን ዘይት ደግሞ ከአየሩ እርጥበት ጠጥቶ ስለሚኖር ቶሎ ይፈላል፣ ፔዳሉም ባዶ ነገር እንደ ረገጡ ይሰምጣል። በከባድ ማርሽ መውረድ የሚባለው ጥበብ ለዚህ የተሰጠ መድኃኒት ነው፤ ወዳጄም ያውቁታል። ነገር ግን የሞተር ጭንቀት አስቀድሞ ሲሰማ፣ የፍሬን ድካም የሚሰማው በሚፈለግበት ቅጽበት ነው፤ በዚያች ቅጽበት የዘመናት ወዳጅነት የሚጨምረው ነገር አላገኘሁም።

እዚህ ላይ የሃይማኖት ሰዎች በመታመንና በመፈታተን መካከል የሚያደርጉት ልዩነት ይረዳኝ ይሆን ብዬ ነበር። በቤተ መቅደሱ ጫፍ ላይ «ራስህን ወርውር» የተባለው ጌታ እንቢ ያለው፣ በአባቱ ሳይታመን ቀርቶ አይደለም፤ ሳያስፈልግ በገደል ላይ የሚደረግ መታመን ፈተና መሆኑን ስለሚያውቅ ነው። ሽማግሌው ግን ሳያስፈልግ አልሄዱም፤ የሚሄዱት ለሟች ወንድማቸው ተዝካር ነው፤ አውቶቡሱም ያንኑ ቁልቁለት፣ እሳቸው በማያውቁት ፍሬንና ሌሊቱን ተኝቶ ይደር አይደር በማያውቁት ሾፌር እጅ ይወርደዋል። ስለዚህ ደፋር ልላቸው አልችልም፤ የራሳቸውን ነፍስ በሚያውቁት ነገር ላይ መጣላቸው፣ በማያውቁት ላይ ከመጣል የከፋ ነው የሚለኝ ሰው ካለ ምክንያቱን ይንገረኝ።

ይህን ሁሉ ብዬም ክርክሬ ከታሰበው እየጠበበ ሄዷል፤ ምክንያቱም የሽማግሌው ዕውቀት በጆሮአቸውና በእግራቸው ያለ ነው፤ ለሌላ ሰው አይዋስም። የእኅታቸው ልጅ ከኋላ ወንበር ሆኖ የሚሰማው ጩኸት ብቻ ነው፤ የትኛው ጩኸት ደኅና፣ የትኛው ክፉ እንደ ሆነ አያውቅም፤ ስለዚህ እሱ ቢታመን የሚታመነው በመኪናው ሳይሆን በአጎቱ ነው፤ ይህም በፍቅር ሊሰጥ ቢችልም በቅያሜ ሊጠየቅ አይገባም። ሽማግሌው «እኔ እሄድበታለሁ» ሲሉ ትክክል ናቸው፤ «እንዴት አትሳፈርም» ሲሉ ግን ምስክርነቱን ለማይሰማው ሰው ግዴታ አደረጉበት። ሕፃን ልጁማ በማንም አልታመነም።

ይህን ወሰን ካበጀሁለት በኋላም፣ ያን ቁልቁለት በመታጠፊያው እየታገለ የሚወጣው የጭነት መኪና ሾፌር ቀረብኝ፤ እሱ እሺም እንቢም እንዲል አልተጠየቀም። ስለ እሱ ብነግራቸው ወዳጄ «ታዲያ ከቤት አልውጣ?» እንደሚሉኝ አውቃለሁ፤ ጥያቄያቸውም የሚናቅ አይደለም። የምመልስላቸው፣ ከአዲስ አበባ ጎሐ ጽዮን ድረስ ያለውን ከ180 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ መንገድ አዲሱን ሸራ ቀስ ብለው ያለማምዱበት፤ እዚያም ቆመው ያስጠብቁትና፣ ገደሉን በሁለተኛ ማርሽ ይውረዱ ከማለት አያልፍም፤ ይህም ከፈላስፋ ይልቅ ለመካኒክ የሚገባ መልስ ነው።