የኦፊሊያ ቫዮሌትና የእኛ ጥርኝ

አንድ ሽቶ ቀማሚ ተነስቶ «ከሼክስፒር ሐምሌት የተቀዳ፣ የፍቅር መዓዛ ያለው፣ ፋብሪካ ያልነካው የተፈጥሮ ሽቶ ልሥራ» ቢል ምን ይገጥመዋል? ጥያቄው የቅንጦት ይመስላል። ሽቶ ራሱ ቅንጦት ነው፤ መጽሐፍም ለብዙዎቻችን ከሽቶው እኩል ቅንጦት እየሆነ ነው። ነገር ግን ይህን ሰው ከወረቀቱ እስከ ጠርሙሱ ድረስ ብንከተለው፣ መንገድ ላይ አንድ የሥነ ምግባር ጥያቄ ቆሞ ይጠብቀናል፤ ይኸውም የሚያልፈውን ነገር ለማቆየት ዋጋውን ማን ይክፈል? የሚል ነው።

ቀማሚያችን መጀመሪያ የሚያነሳው አበባ ቫዮሌት እንደሚሆን አልጠራጠርም። ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ የመለሱትን ሐምሌትን ያነበበ ወይም በመድረክ ያየ ሰው፣ ሌርቲስ ወደ ፈረንሳይ ከመሄዱ በፊት እህቱን ኦፊሊያን እንዴት እንደሚመክራት ያስታውሳል። የልዑሉን ፍቅር በጸደይ መባቻ ከምትፈነዳ ቫዮሌት ጋር ያመሳስለዋል፤ መዓዛዋ ደስ ይላል፣ ግን አይከርምም። በኋላ ኦፊሊያ አእምሮዋን ስታ አበባ ስታድል፣ ቫዮሌቶቹ አባቷ በሞተ ጊዜ ጠውልገው እንዳለቁ ትናገራለች። ስትቀበርም ወንድሟ ከገላዋ ቫዮሌት እንዲበቅል ይመኛል። በሦስቱም ቦታ አበባዋ የምትጠራው ከማጣት ጋር ተያይዛ ነው። ሼክስፒር የመረጣት ስለምታምር ብቻ ሳይሆን ስለማትበረክትም ነው ብል የተዳፈርኩ አይመስለኝም።

አበባዋ በእርግጥም እንዲህ ናት። ለቫዮሌት ሽታዋን የሚሰጣት አዮኖን የሚባለው ንጥረ ነገር የማሽተት ኃይላችንን ለጊዜው ያደነዝዘዋል። አሽትተን ሳንጠግብ ይጠፋብናል፤ ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ይመለሳል። ሼክስፒር ኬሚስትሪ አልተማረም፤ አፍንጫ ግን ነበረው።

ቀማሚው የሚመካበት «የተፈጥሮ» የሚለው ቃል መንገዳገድ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ከቫዮሌት አበባ ሽታ ማውጣት እጅግ ብዙ አበባ ፈጅቶ እዚህ ግባ የማይባል ምርት የሚሰጥ ሥራ ነው። ስለዚህ በተፈጥሮ ነገር ብቻ እንሠራለን የሚሉ ቀማሚዎች ፊታቸውን ወደ አይሪስ ሥር ያዞራሉ። ሥሩ ተቆፍሮ፣ ተልጦ፣ ሦስት ዓመት ያህል ደርቆ ሲቆይ ቫዮሌት የሚመስል ሽታ ያወጣል። በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በ1893 ቲማንና ክሩገር የተባሉ የጀርመን ኬሚስቶች ይህንኑ የአይሪስ ሥር ሲመረምሩ አዮኖንን በቤተ ሙከራ ሠሩ። እንግዲህ እንመዝነው። «የተፈጥሮ» በተባለው ጠርሙስ ውስጥ ቫዮሌት የለችም፤ «ሰው ሠራሽ» በተባለው ውስጥ ግን አበባዋ ራሷ የምትተነፍሰው ነገር አለ። የመጀመሪያውን ጠርሙስ ዋሾ አልለውም። ሁለተኛውን በውሸት የሚከስበት አፍ ግን የለውም።

ይህ ሁሉ ቀላሉ ክፍል ነው። ሽቶ የሚገዛ ሰው፣ ይልቁንም ለፍቅር ብሎ የሚገዛ፣ ጠዋት የተቀባው እስከ ማታ እንዲቆይለት ይፈልጋል። የአበባ ሽታ ደግሞ በኖ ይጠፋል። ስለዚህ ቀማሚዎች ከጥንት ጀምሮ ከአበባው ሥር ከባድና ቀስ ብሎ የሚለቅ ሌላ ሽታ ያኖራሉ። አንዱ ከዓሣ ነባሪ አንጀት የሚገኘው ዐንበር ነው፤ ኸርማን ሜልቪል እ.ኤ.አ. በ1851 ባሳተመው ሞቢ ዲክ ውስጥ፣ የተከበሩ እመቤቶችና ጌቶች ከታመመ ዓሣ ነባሪ ሆድ በወጣ ነገር እየተዋቡ መሆናቸውን እያነሳ ያሾፍባቸዋል። ሌላው ዝባድ ነው።

በዝባድ የተነሳ ጉዳዩ ከዴንማርኩ ቤተ መንግሥት ወጥቶ እኛ ጓሮ ይገባል። የአውሮፓ ሽቶ ቤቶች ለረጅም ዘመን ከተጠቀሙበት ዝባድ አብዛኛው የሄደው ከኢትዮጵያ፣ ከከፋ፣ ከጅማ፣ ከኢሉባቦርና ከወለጋ ገጠር፣ በበሬ ቀንድ ታሽጎ ነው። ወንዱ ጥርኝ ከጫካ በወጥመድ ይያዛል። ከዘንግ በተሠራና እንደ ልብ መዞር በማያስችል ጠባብ ሳጥን ውስጥ ይገባል፤ ሳጥኑም እሳት በሚነድባት፣ ጭስ በሞላባት ጎጆ ውስጥ ይቀመጣል። አሥር ቀን ገደማ ባለፈ ቁጥር አውሬው በሳጥኑ እንዳለ ተጠፍሮ ከጅራቱ ሥር ካለው ዕጢ ዝባዱ በማንኪያ ይፋቃል። የዚያ አውሬ ዕድሜ የሚያልቀው በዚህ ዓይነት ነው። ጥሬው ዝባድ አፍንጫ ያስይዛል። በአልኮል ሲቀጥን ግን ሙቀት ያለው፣ የሰው ገላ ገላ የሚል መዓዛ ይሆንና አበባውን ደግፎ ያቆየዋል።

ሼክስፒር የነገሩን ምንጭ አያውቅም ነበር ማለት አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ1599 ገደማ በጻፈው «እንደ ወደዳችሁ» በተሰኘው ኮሜዲ ውስጥ፣ አንድ እረኛ የእኛ እጅ በበግ ቅባት የቆሸሸ ነው፣ የመኳንንቱ ግን ዝባድ ዝባድ ይሸታል ይላል። የቤተ መንግሥቱ ቀልደኛ ሣቅ ብሎ፣ የምታደንቀው ዝባድ እኮ የድመት እድፍ ነው ሲል ይመልስለታል። ያበደው ንጉሥ ሊርም የዓለም ርኩሰት ሲከረፋው፣ ሐሳቡን የሚያጣፍጥበት ዝባድ ከመድኃኒት ቀማሚ ይጠይቃል። የሮቢንሰን ክሩሶ ደራሲ ዳንኤል ዴፎ ደግሞ ስመ ጥር ከመሆኑ በፊት ለንደን አጠገብ ሰባ ያህል ጥርኞች ገዝቶ ዝባድ ሊነግድ ሞክሮ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1692 ኪሳራ ላይ ወደቀ። (ቢያዋጣው ኖሮ ክሩሶን ባላነበብን ነበር።)

ታዲያ ጥርኝ አሳሪውን ገበሬ እንውቀሰው? እኔ አልወቅሰውም። ከቡናና ከማር ሌላ ጥሬ ገንዘብ የሚያስገኝ ነገር በማይበዛበት ጫካ ዳር ቀንዱን የሞላው፣ የሚገዛ ስላለ ነው። ለጠርሙሱ ከሚከፈለው ውስጥ እሱ ጋ የሚደርሰው ምን ያህል እንደሆነ ለመገመት ነጋዴ መሆን አያስፈልግም። ሩዚችካ የተባለው ኬሚስት እ.ኤ.አ. በ1926 የዝባድን ሽታ የሚሰጠውን ንጥረ ነገር አወቃቀር ደረሰበት፤ በ1939 የኖቤል ሽልማት ካስገኙለት ሥራዎች አንዱ ነው። ዛሬ ታላላቆቹ ሽቶ ቤቶች በአመዛኙ ሰው ሠራሹን ይጠቀማሉ። ጥርኙ በዚህ ዕረፍት ሲያገኝ ገበሬው ገበያ አጥቷል፤ ሁለቱንም ባንድ ቃል «መልካም ሆነ» ብሎ ማለፍ አይቻልም። ቢሆንም «ተፈጥሯዊ ካልሆነ አልቀባም» የሚለው ደንበኛ፣ ሳያውቀው፣ አውሬውን ወደ ሳጥኑ እየመለሰው መሆኑን ሊያስብበት ይገባል።

እንስሳ ይቅር፣ ዕፅ ይሁን የሚል መልስ ይኖራል። ይሻላል። ግን የመተማና የትግራይ የእጣን ዛፍም አለመጠን ሲደማ ዘሩ እየመከነ፣ ያረጀውን ዛፍ የሚተካ ችግኝ እየጠፋ ነው። ተፈጥሮ የሰጠችን ነገር ሁሉ ያለ ዋጋ የተሰጠን ይመስለናል።

የእኔ ጠብ ግን ከሁሉ በላይ ከማቆየቱ ጋር ነው። ሌርቲስ አይከርምም ያለውን አበባ እስከ ማታ እንዲከርም በጥርኝ ዕጢ የደገፈ ቀማሚ፣ ድርሰቱን አላነበበም ባይ ነኝ። ሌርቲስ ተሳስቶ ነበር የሚለኝ አንባቢ አይጠፋም፤ ሐምሌት መቃብሯ ውስጥ ዘሎ ገብቶ ከወንድሞች ሁሉ አብልጦ ይወዳት እንደነበር ይጮኻል። እውነት ነው፣ ፍቅሩ ቆይቶ ይሆናል። ኦፊሊያ ግን የለችም። አባቷ ፖሎኒየስ መጀመሪያ ከልዑሉ እንዳትገናኝ ከልክሏት፣ ቆይቶ ደግሞ ከንጉሡ ጋር መጋረጃ ጀርባ ተደብቆ የልዑሉን ምሥጢር ማጥመጃ አደረጋት። ሌሎች ለሚፈልጉት ነገር ሲሉ አስረው፣ ጠብቀው፣ የሚፈለገውን የፋቁባት ልጅ ናት። በእሷ ስም በሚጠራ ጠርሙስ ውስጥ ዝባድ ማግኘት ይከብደኛል።

እኔ ብቀምመው አዮኖን በአልኮል አደርገዋለሁ፤ አቅም ከፈቀደ ጥቂት የአይሪስ ሥር። ሌላ ምንም። ጠዋት የተቀባችው ሴት ቢሮዋ ሳትደርስ ጠፍቶ፣ ደረጃ ስትወጣ ተመልሶ፣ ከምሳ በፊት አብቅቶለት ይገኛል። በማግስቱ ጠርሙሱን ይዛ መጥታ «ይሄ ሽቶ አይቆይም፣ ገንዘቤን መልሱልኝ» እንደምትለኝም አውቃለሁ።