ብርሃኑ በማን ፊት ላይ ይረፍ?

የአንድ ሰፈር ወጣቶች ቴአትር ለማሳየት ሲነሡ ከድርሰቱና ከልምምዱ ቀጥሎ የሚያስጨንቃቸው የመድረኩ መቼት ነው። በመድረክ ላይ ቤት ለማቆም እንጨትና ኮምፔርሳቶ ያስፈልጋል፤ አናጢና ሠዓሊ ያስፈልጋል፤ ከትርኢቱ በኋላም ዕቃው የሚቀመጥበት ስፍራ መገኘት አለበት። ዛሬ ግን አንድ ነጭ አቡጀዲ ወጥረው ፕሮጀክተር ቢያበሩ፣ ተራራውም ከተማውም ቤተ መንግሥቱም በቅጽበት ይመጣላቸዋል። «ወጪን የሚያቃልል ከሆነ የኅሊና ጥያቄ ከወዴት ይመጣል?» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ጥያቄው የሚመጣው ብርሃን ሰውን መግለጥም መሸፈንም የሚችል በመሆኑ ነው።

በብርሃን ለሚሣል ምስል የሰው ልጅ የሰጠው ግምት ብዙ ጊዜ ከልክ ያለፈ ነበር። በከተማችን የመጀመሪያው ሲኒማ ቤት በተከፈተ ጊዜ ሕዝቡ «ሰይጣን ቤት» የሚል ስም አወጣለት። በአውሮፓም ኢየሱሳዊው ሊቅ አባ አታናሲዩስ ኪርኸር፣ እ.ኤ.አ. በ1671 እንደገና በታተመው ስለ ብርሃንና ስለ ጥላ በጻፉት መጽሐፍ ውስጥ፣ ከፋኖስ ወጥታ በግድግዳ ላይ ያረፈች፣ በእሳት ነበልባል መካከል ያለች የነፍስ ምስል ይታያል። እዚህ ሰዎች ምስሉን ፈሩት፤ እዚያ ደግሞ ምስሉ የሚያስፈራውን ነገር እንዲያሳይ ተደረገ። በሁለቱም ዘንድ የሰው ዓይን የተተከለው በምስሉ ኃይል ላይ ነው። እኛ ልንጠይቅ የሚገባን ግን ከምስሉ ፊት ስለሚቆመው ሰው ነው።

ይህን ለመረዳት የሥራውን ጠባይ ማወቅ ይበቃል። ፕሮጀክተሩ ከፊት ለፊት ሲበራ ተራራው በተዋናዩ ሸሚዝ ላይ ይሣላል፤ የተዋናዩም ጥላ በተራራው ላይ ይወድቃል። የተዋናዩ ፊት እንዲታይ የመድረኩ መብራት ሲጨመር ብርሃኑ ወደ አቡጀዲው ይፈስሳል፤ ምስሉም ይደበዝዛል። ሰውና ምስል በአንድ ብርሃን ይሻማሉ ማለት ነው። በዚህ ጊዜ አዘጋጁ አንዱን መምረጥ ግድ ይሆንበታል፤ ቀላሉም ምርጫ የተዋናዩን መብራት መቀነስ ነው። ምስሉ ያምራል፤ ተመልካቹም ያደንቃል፤ የሚናገረው ሰው ግን በጨለማ ውስጥ ይቀራል።

ይህ ፈተና በመድረክ ብቻ አይወሰንም። ለምሳሌ ሰንጋ ተራን እንውሰድ። ስሙ የከብት ገበያን ያስታውሳል። የቀድሞዎቹ የጭቃ ቤቶች ፈርሰው በቦታቸው የ40/60 ቤቶችና የባንክ ሕንፃዎች ቆመዋል፤ በ2014 ዓ.ም. የተመረቀው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት ብቻውን ከ200 ሜትር በላይ ከፍታ አለው። እንግዲህ የዚያ ሰፈር ልጆች ስለ ቀድሞ ኑሯቸው ቴአትር ሠሩ እንበል። አዘጋጁ የፈረሰ ቤት ፎቶግራፍ አግኝቶ ግድግዳ በሚያህል መጠን ያበራዋል። ከታዳሚዎቹ መካከል አንዲት እናት ሠላሳ ዓመት የወጡበትንና የገቡበትን በር ያያሉ፤ እንባቸውም ይመጣል። አዳራሹ ሁሉ ልቡ ይነካል። ነገር ግን ያንን በር ለማሳየት ፈቃዳቸውን የጠየቀ ማን ነው?

በቀለም የተሣለ ቤት «ቤት እንደሆንኩ አድርጋችሁ አስቡ» ይላል፤ ሐሰትነቱን ራሱ ስለሚናዘዝ ማንንም አያታልል። ፎቶግራፍ ግን «እኔ ያው ቤት ነኝ» ይላል። ስለዚህ ባለቤት አለው፤ ሐዘንም አለበት። የሰውን ሐዘን ለመድረክ ማስጌጫ መውሰድ፣ ምንም እንኳ ለበጎ ዓላማ ቢሆን፣ ሰውየውን ለሁለተኛ ጊዜ ከቤቱ ማስወጣት ይሆናል።

ከሰንጋ ተራ እምብዛም የማይርቀው ብሔራዊ ቴአትር፣ ጣሊያኖች ለሲኒማ ብለው በጀመሩት ሕንፃ ላይ ተሠርቶ በ1948 ዓ.ም. ሲከፈት የታየው የራስ ቢትወደድ መኮንን እንዳልካቸው «ዳዊትና ኦርዮን» ነበር። የዚያ ታሪክ በደል ከማየት እንደጀመረ ከቅዱስ መጽሐፍ እናውቃለን። ንጉሡ ከሰገነቱ ላይ ሆኖ ያየውን ውበት ወደደ፤ ያ ውበት የማን ሚስት፣ የማን ትዳር እንደሆነ ሲነገረውም አልተመለሰም። «ልብ ካላየ ዓይን አያይም» የሚለው ምሳሌያችን እውነተኛነቱ በዚህ ይታወቃል።

ታዲያ ፕሮጀክተሩን እንተወው? አይደለም። እንጨት የሚገዛበት ገንዘብ የሌለውን ቡድን ከዚህ ጥበብ መከልከል ፍትሕ አይሆንም። የቼክ ተወላጁ የመድረክ ሠሪ ዮሴፍ ስቮቦዳና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1958 በብራስልስ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ባቀረቡት «ላተርና ማጊካ» የተቀረጸ ፊልምና ሕያው ተዋናይ በአንድ መድረክ ተስማምተው እንደሚሠሩ አሳይተዋል። በአነስተኛ አዳራሽም ቢሆን መፍትሔ አለ፤ ተዋናዩ ከአቡጀዲው ጥቂት እርምጃ ራቅ ብሎ ይቁም፤ መብራቱ ከጎንና ከላይ ይምጣለት፤ ቦታ ከተገኘም ምስሉ ከመጋረጃው በስተኋላ ይጣል። ይህ ሁሉ ድካምን ይጠይቃል። ድካሙ ግን ለሰው የሚከፈል ክብር ነው።

ውድ አንባብያን፣ በተለይም በየቁምስናው ወጣቶችን የምታሠለጥኑ ካቴኪስቶች፣ ፕሮጀክተሩ ከመብራቱ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁ። የሚናገረው ልጅ ፊቱ ይታያል? የምስሉ ባለቤት ፈቅዷል? ለሁለቱም አዎን ማለት ካልተቻለ፣ ያለ ምስል በባዶ መድረክ መጫወት ይሻላል። አያቶቻችን በምሽት ተረት ሲነግሩን ከጀርባቸው አንዳች ሥዕል አልነበረም፤ የምድጃው እሳት ፊታቸውን ያበራ ነበር፤ እኛም ተራራውንና ቤተ መንግሥቱን በልባችን እናይ ነበር።