ታንኩ የቆመበት መሬት

ቲ-55 ታንክ 36 ቶን ይመዝናል። የመድፉን አፈሙዝ ሳንቆጥር ርዝመቱ 6.45 ሜትር ነው። በ1/35 ሲቀነስ ከ18 ሴንቲ ሜትር ትንሽ ያልፋል፤ የጫማ ካርቶን ውስጥ ይገባል። ከጎኑ የሚቆመው 1.75 ሜትር ቁመት ያለው ወታደር ደግሞ 5 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ ከጣት ያንሳል።

ይህ 1/35 የሚባለው ልኬት የጦር ተሽከርካሪ ሞዴል ለሚገጣጥሙ ሰዎች ዛሬ በዓለም ዙሪያ እንደ ሕግ ነው። አመጣጡ ግን የሚያኮራ ፍልስፍና የለውም። የጃፓኑ ታሚያ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ የጀርመኑን ፓንተር ታንክ በፕላስቲክ ሠርቶ ሲያወጣ፣ በራሱ እንዲሄድ ሆዱ ውስጥ ሞተርና ባትሪ ድንጋይ መግባት ነበረበት። እነሱን የሚያስገባው መጠን ሲሰላ 1/35 ሆኖ ተገኘ። ጦርነትን ስንት እጅ አሳንሰን እንየው ለሚለው ጥያቄ መልስ የሰጠው ባትሪ ድንጋይ ነው ማለት ነው።

የማይቀነስ ነገርም አለ። ከሮቤ ወደ ጎባ፣ ከጎባ ደግሞ ወደ ሳነቴ ሜዳ ስትወጡ የምታገኙት ቱሉ ዲምቱ ከባሕር ጠለል በላይ 4,377 ሜትር ነው። በ1/35 ብናሳንሰው እንኳ 125 ሜትር ይቀረዋል። የትኛውም ጠረጴዛ አይችለውም። ታንኩ ቤታችን ይገባል፣ ተራራው አይገባም። የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ የሚመጣው ከዚሁ ነው፤ አሳንሰን የወሰድነው የትኛውን ነው? የተውነውስ?

እኔ የምኖረው ሮቤ ነው፤ ማታ ማታ መብራት ካልጠፋ ሞዴል እገጣጥማለሁ። ዕቃው አገር ውስጥ እንደ ልብ አይገኝም፤ ከውጭ በሚመጣ ሰው ሻንጣ ነው የሚደርሰኝ። ይህን የሚያውቅ ሰው ሁሉ ይዋል ይደር እንጂ አንድ ጥያቄ ይጠይቀኛል፤ “ሰው የፈጀን ብረት እንዲህ አሳምሮ መሥራት አይከብድህም?” ጥያቄው ተገቢ ነው። ጦርነትን በመጽሐፍ ብቻ በሚያውቅ አገር አይደለም የምንኖረው። በሰሜን መንገዶች ዳር የተቃጠለ ታንክ ያላየ መንገደኛ ጥቂት ነው።

ሁለት የተለመዱ መልሶች አሉ። አንደኛው “ጦርነትን መጫወቻ ካደረግነው እንለምደዋለን” ይላል። ሁለተኛው “ተወው፣ ፕላስቲክ ነው” ይላል። እንግሊዛዊው ደራሲ ኤች. ጂ. ዌልስ እ.ኤ.አ. በ1913 “ትናንሽ ጦርነቶች” ብሎ ስለ አሻንጉሊት ወታደሮች ጨዋታ አንድ መጽሐፍ አሳትሞ ነበር። ሐሳቡ ወደ ሁለተኛው ያደላል፤ ሰው መዋጋት ካማረው ምንጣፍ ላይ ይዋጋ፣ ከእውነተኛው ይሻላል ባይ ነው። በዓመቱ አንደኛው የዓለም ጦርነት ፈነዳ። ምንጣፉ ጦርነቱን አላመጣውም፤ አላስቀረውምም።

ሁለቱም መልሶች የሳቱት ነገር ያለ ይመስለኛል፤ የልጅ ጨዋታንና የአዋቂን ሥራ አንድ አድርገው ያያሉ። የደጋ ልጅ ከጭቃ በሬ ይሠራል። ከሽቦና ከቆርቆሮ መኪና ይሠራል፤ ጎማውን ከቆርኪ ወይም ካለቀ ነጠላ ጫማ ሶል ያወጣለታል። ጦርነት ባለፈበት ሰፈር ያው ጭቃ ታንክ ይሆናል። ልጁ ግን “ልክ እንደ እውነተኛው ነው” አይላችሁም። ድምፁን በአፉ ያወጣል፣ ይተኩሳል፣ ይሞታል፣ ተነሥቶ ራቱን ሊበላ ይገባል። ጨዋታ መሆኑን ያውቃል። ማንንም አያታልልም።

አዋቂው ሞዴል ሠሪ ግን እውነት ሠራሁ ይላል። ክብሩ ያለው እዚያ ላይ ነው። ብሎን ይቆጥራል። ቲ-54ን ከቲ-55 የሚለየው አንዱ ምልክት ከአጉራሹ በር ፊት ያለች እንጉዳይ የምትመስል የአየር መሳቢያ ክዳን ናት፤ በቲ-55 ላይ የለችም። እሷን በስሕተት የለጠፈ ሰው ከሙያው ወዳጆች የሚደርስበትን ነቀፋ አያድርስ ነው። ዝገቱን ለማምጣት መጀመሪያ ቡናማ ቀለም ይቀባል፤ ላዩ ላይ የፀጉር ስፕሬይ ይነፋበታል፤ ከዚያ የታንኩን ቀለም ይደርብና በውኃ በረጠበ ብሩሽ እያሸ እዚህም እዚያም ይልጠዋል። የቀጠነ ጥቁር ቀለም በየስንጥቁ ያፈስሳል። ሰንሰለቱን ጭቃ ይቀባል። ይህ ሁሉ ድካም “እንዲህ ነበር” ለማለት ነው።

እንግዲህ እዳው የሚመጣው እዚህ ጋ ነው። “እንዲህ ነበር” ያለ ሰው ምስክር ሆኗል። ምስክር ደግሞ የሚጠየቀው ስለተናገረው ብቻ አይደለም፤ እያወቀ ስለዘለለውም ይጠየቃል።

ምን ይዘለላል? አንደኛ ሰው። ቲ-55 አራት ሰዎች አሉት፤ አዛዥ፣ ተኳሽ፣ ሹፌርና አጉራሽ። በአማርኛችን መድፉን ጥይት የሚያጎርሰው ሰውዬ አጉራሽ ነው፤ ቤት ውስጥ እናት ለልጇ፣ ሙሽራ ለሙሽሪት የሚያደርጉት ነገር ስም ነው የተሰጠው። በሞዴሉ ላይ ግን የአጉራሹ በር ብዙ ጊዜ ተዘግቶ ይጣበቃል። ሆዱ ባዶ ስለሆነ ከፍቶ ማሳየት ያሳፍራል።

ሁለተኛ፣ ታንኩ የማን እንደነበር። ሐምሌ 1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር ሲገባ ከሶቪየት ኅብረት ያገኛቸውን ቲ-34ና ቲ-55 ታንኮች ይዞ ነበር። ኢትዮጵያ በዚያን ጊዜ በብዛት የነበሯት ኤም-41ንና ኤም-47ን የመሳሰሉ አሜሪካ ሠራሽ ታንኮች ናቸው። ወራት ሳይቆጠሩ ሶቪየት ኅብረት ፊቷን ወደ አዲስ አበባ አዞረች፤ ቲ-55 በዚህም በዚያም በኩል ሆነ። መስከረም 1970 ዓ.ም. የተያዘችው ጅግጅጋ የካቲት 26 ቀን በካራማራ ድል ስትመለስ፣ እርስ በርስ የተተኮሰው ብረት ከአንድ አገር ፋብሪካ የወጣ ነበር። ሞዴሉ ይህን ታሪክ ሳያስበው ይነግረናል። ሳጥኑ ውስጥ በውኃ ተነክረው የሚለጠፉ የበርካታ አገር ምልክቶች ይመጣሉ። ፕላስቲኩ ያው ነው። ወገንና ጠላት የሚለዩት በመጨረሻው ቀን፣ ጥፍር በምታህል ስስ ወረቀት ነው።

ሦስተኛው የሚዘለለው ነገር፣ ታንክን ከየት ሆነን እንደምናየው ነው። ጠረጴዛ ላይ ያለ ታንክ ሁልጊዜ ከላይ ነው የሚታየው። ታንክን ከታች ያዩ ሰዎች ታሪክ ግን አለን። ታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. የራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ ጦር ተከዜን ተሻግሮ በሽሬ በኩል በደምበጉይና መተላለፊያ የኢጣሊያንን ትናንሽ ታንኮች ገጠመ። ኤል-3 የሚባሉት እነዚህ ታንኮች ሁለት ሰው የሚይዙ፣ ሦስት ቶን ገደማ የሚመዝኑ፣ ዘዋሪ ራስ የሌላቸው ነበሩ። መትረየሳቸው የሚተኩሰው ወደ ፊት ብቻ ነው። የራስ እምሩ ሰዎች ይህንን ከማኑዋል አላነበቡትም፤ እየሞቱ አወቁት። ከኋላ ዞረው ወጡበት። ኤል-3 ዛሬ በ1/35 ይሸጣል፤ 9 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፣ ሲያዩት የሚያሳዝን ነው። ያን ቀን በዱላና በጎራዴ ብረት ላይ ለወጣው ሰው ግን ትንሽ አልነበረም። ሲያንስ የሚያምረው ማንንም ስለማያስፈራ ነው።

አራተኛውን ያሳየኝ አንድ ጎረቤቴ ነው። ስንዴ ገበሬ ናቸው፤ ዕድሜያቸው ከሰባ አልፏል። ቲ-55ቱ ቀለሙ እስኪደርቅ በረንዳ ላይ አስቀምጬው ሳለ ቆመው አዩት።

“ምን ያህል ይከብዳል ዋናው?”

“36 ቶን አባባ።”

“ከኮምባይነር ይበልጣል?”

“ሁለት ሦስት እጥፍ ይበልጣል።”

ዝም አሉና፣ “ኮምባይነር እንኳ መሬቱ ርሶ ሳለ የዞረበት ቦታ በዓመቱ ይለያል፤ ስንዴው አጥሮ ነው የሚወጣው። ይሄ የዞረበትን ማን ያርሰዋል ልጄ? የማን ማሳ ላይ ነው ያቆምከው?” አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም፤ ጥያቄውን ሌላ ሰው ሲጠይቀው ሰምቼም አላውቅም። ያሉት ልክ ነው። ታንክ ክብደቱን በሰንሰለቱ ላይ ስለሚያከፋፍለው ቀጥ ብሎ ሲሄድ ከተፈራው ያነሰ ይጎዳል፤ ለመዞር ግን አንዱን ሰንሰለት ይዞ ሌላውን ሲያሽከረክር አፈሩን እንደ ማረሻ ይገለብጠዋል፣ ከዚያ ይጠቀጥቀዋል። ለገበሬ ታንክ መጀመሪያ መሣሪያ አይደለም፤ በማሳው ያለፈ ክብደት ነው።

በእኛ ሙያ መሬት መጨረሻ ላይ የሚመጣ ጌጥ ነው። ታንኩ ካለቀ በኋላ ጣውላ ላይ ጀሶ ይለሰናል፣ ሰጋቱራ ይነሰነሳል፣ የደረቀ የሻይ ቅጠል ይበተናል፤ ሆነ ሜዳ። መጽሐፍ የሚያህል ጣውላ፣ 21 በ30 ሴንቲ ሜትር፣ በ1/35 ሲሰላ 77 ካሬ ሜትር ገደማ መሬት ነው። ከአንድ ጥማድ 32ኛው እጅ ገደማ ማለት ነው። አንድ ጋሻ፣ 40 ሄክታር የሚሆነው፣ በዚሁ ልኬት 327 ካሬ ሜትር ገደማ ይፈልጋል፤ አንድ ደህና ግቢ ይሸፍናል።

ልኬት የሚለው ቃል ደግሞ ባሌ ውስጥ ሌላ ትዝታ አለው። ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ 1962 ዓ.ም. የዘለቀው፣ ዋቆ ጉቱ ከመሪዎቹ አንዱ የነበሩበት አመፅ ከተነሣባቸው ምክንያቶች መካከል የመሬት ልኬትና የግብር ጫና ዋነኞቹ ናቸው። ቀላድ ተዘርግቶ፣ የአባት መሬት በጋሻ ተቆጥሮ፣ ለሌላ ሰው ሲጻፍ ያየ ገበሬ ነው ጫካ የገባው። መንግሥት በአውሮፕላን ጭምር ተዋጋው። ከኦጋዴኑ ጦርነት ማግስት ደግሞ ደርግ የመንደር ምሥረታን ባሌ ውስጥ ጀመረ፤ በየማሳው ተበትኖ ይኖር የነበረው ገበሬ በመስመር በተቀየሱ ቤቶች እንዲሰባሰብ ተደረገ። ያው ዘዴ በኋላ ወደ ሐረርጌ፣ ከዚያም ወደ ሌሎች ክፍላተ ሀገር ተሻገረ። ታንኮቹ ዘግተው ወደ ሰፈራቸው ሲመለሱ የመሬቱ ነገር አላለቀም ነበር።

“ታዲያ ሰው ደክሞት ማታ የሚያርፍበትን ነገር የታሪክ ፈተና ልታደርገው ነው?” የሚል ይኖራል። አይደለም። ታንኩን ሮዝ ቀለም ቀብቶ አበባ የሚተክልበት ሰው ምንም እዳ የለበትም፤ እውነት ነው አላለማ። የዘመተበትን ታንክ ለትዝታ የሚሠራ አሮጌ ወታደርንም ማንም ሥነ ምግባር ሊያስተምረው አይችልም። የምናገረው የክዳኗን መኖርና አለመኖር እስከ ሌሊት ስድስት ሰዓት ለምንከራከረው ነው። ለእንጉዳይ ክዳን ይህን ያህል ከታመንን፣ ለማሳው ደግሞ ምን ያህል?

የወዳደቁ አስከሬኖችንና ደምን መጨመር መፍትሔ የሚመስላቸው አሉ። እኔ አይመስለኝም። የሰው ሞት በ5 ሴንቲ ሜትር ሲሠራ ወይ ያስቃል ወይ ያስነውራል፤ በዚያ መጠን ሐዘን አይኖርም። መሬት ግን በትንሹም ቢሆን እውነቱን መናገር ይችላል። ትልም በ1/35 ትልም ነው። የወሰን ድንጋይ በ1/35 ጠጠር ነው፤ ሲገለበጥም የተገለበጠ ይመስላል።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይገልበጥ ባይ ነኝ። ሳጥኑ ከመከፈቱ በፊት ጣውላው ይሠራ። ታንኩ የት እንደሚቆም፣ በየትኛው ወር፣ በበልግ ይሁን በመኸር፣ ገብስ ላይ ይሁን ስንዴ ላይ፣ ማሳው የማን እንደሆነ ይታወቅ። ይህን መልሶ የተነሣ ሰው ከዚያ በኋላ ታንኩን የቻለውን ያህል ያሳምረው፤ የሚያምረው ነገር ምን ላይ እንደቆመ ያውቃል። ሥራው ሲያልቅ ተመልካቹ ዓይኑን መጀመሪያ መድፉ ላይ ያሳርፋል፤ ይህን ማስቀረት አይቻልም። ቀጥሎ ግን ሰንሰለቱን ተከትሎ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ የተቆረጠውን ትልም ያገኛል፤ ትልሙም እስከ ጣውላው ጠርዝ ይደርስና በመጋዝ ተቆርጦ ይቀራል። ማሳው ከዚያም እንደሚቀጥል ማንም ገበሬ ሳይነገረው ያውቀዋል።