ጥርኝ ውኃ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ የሰንበት ትምህርት ቤታችን ወንድሞችና እኅቶች! በየዓመቱ የካቲት 16 ቀን፣ በኪዳነ ምሕረት በዓል፣ የበላዔ ሰብእን ታሪክ እንሰማለን። 78 ነፍስ ያጠፋ ሰው በእመቤታችን ስም ለተጠማ በሰጠው ጥርኝ ውኃ ምሕረትን አገኘ። ታሪኩ ኃጢአትን አያቃልልም፤ የምሕረትን ክብደት ያሳያል እንጂ። ጌታም ለቀዝቃዛ ውኃ ጽዋ ዋጋ እንዳለው ተናግሯል (ማቴ. 10፥42)።

እንግዲህ ረቡዕና ዓርብ ስንጾም ያልበላነው ቁርስ የት ገባ? በኪሳችን ከቀረ ቁጠባ እንጂ ጾም አይባልም፤ ለተራበው ጎረቤት ይድረስ (ኢሳ. 58፥7)። ታሞ ለቀረ ጓደኛ ደብተራችንን እናውስ፤ የእናታችንን የውኃ ጀሪካን እንሸከም፤ በአውቶቡስ ለአረጋዊ ከመቀመጫችን እንነሣ። እኛ ብዙ እስክናገኝ ብንጠብቅ፣ የተጠማው አይጠብቀንም።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።