ሳይበጣጠስ እናንሳው

ወገኖቼ፣ መሬት የሰጧትን ሁሉ ትቀበላለች። ፍግ ብትሰጧት እህል አድርጋ ትመልሳለች፤ የረገፈውን ቅጠል፣ የተረፈውን ገለባ፣ የከብቱን አጥንት ሳይቀር በጊዜው አፈር ታደርገዋለች። ፌስታል ግን አቅቷታል። ፀሐይ ያደርቀዋል፣ ማረሻ ይቆራርጠዋል፣ የበሬ ኮቴ ይረግጠዋል፤ ይበጣጠሳል እንጂ አይበሰብስም። ሊቃውንቱ ከ5 ሚሊ ሜትር ያነሰውን ስብርባሪ ማይክሮፕላስቲክ ይሉታል። ዓይናችን አጣው ማለት መሬቱ ተገላገለው ማለት እንዳይመስላችሁ።

አባቶች «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለእንዲህ ያለው ነገር ነው። ፌስታሉ ሙሉ ሳለ ሕፃን ልጅም ጎንበስ ብሎ ያነሳዋል። ከደቀቀ በኋላ ግን ጤፍ ውስጥ እንደገባ አሸዋ ነው፤ ማን ለቅሞ ይጨርሰዋል?

ጉዳቱ ከታች ይጀምራል። አፈሩን የሚያላላው፣ ለውሃና ለአየር መንገድ የሚከፍተው የመሬት ትል ነው፤ ገበሬ ሲተኛ እሱ ያርሳል። ተመራማሪዎች ፕላስቲክ የበዛበትን ቅጠል ትል አብልተው ሲያዩ ዕድገቱ ቀነሰ፣ የሚሞተውም በዛ። ያልሞተው ደግሞ ብናኙን እየዋጠ ወደ ጥልቁ አወረደው። ገና ያልደቀቀው ቁራጭም የውሃውንና የሥሩን መንገድ ይዘጋል። ፌስታሉን ለማለስለስና ለማቅለም የተጨመረው ኬሚካል እየሾለከ አፈሩ ውስጥ ይቀራል።

የቻይናን ገበሬዎች ነገር ልንገራችሁ። ከ1970ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. ጀምሮ እርጥበት እንዳይተን ማሳቸውን በስስ ላስቲክ ሸፈኑ። ምርቱ ጨመረ፣ ደስ አላቸው። «የጨው ገደል ሲናድ ብልህ ያለቅሳል፣ ሞኝ ይልሳል» ይባል የለ? ላስቲኩ ስስ ስለነበረ ከመከር በኋላ ሲስቡት እየተቀደደ መሬት ውስጥ ቀረ፤ በየዓመቱ በላዩ ላይ ሌላ ተደረበ። በዢንጂያንግ የጥጥ ማሳዎች ቅሪቱ ተከማችቶ ሥር እስከመከልከል ደረሰ። መንግሥታቸው ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የላስቲኩ ውፍረት ከ0.01 ሚሊ ሜትር እንዳያንስ ደነገገ፤ ሳይቀደድ እንዲሰበሰብ ነው። ውሳኔው ደግ ነው፤ ቀድሞ የገባውን ግን አያወጣም። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም።

እኛም ሕግ አላጣንም። አዋጅ ቁጥር 513/1999 ውፍረቱ ከ0.03 ሚሊ ሜትር ያልበለጠ ፌስታል እንዳይመረትና እንዳይገባ ከልክሎ ነበር፤ ገበያው ግን ከዚያ በኋላም በስስ ፌስታል ተጥለቀለቀ። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የተወካዮች ምክር ቤት ፌስታልን የሚከለክል አዲስ አዋጅ አጸደቀ። ወረቀቱ ብቻውን አጥር ላይ የተንጠለጠለውን አያወርድም፤ ላሚቱ ከበላችው በኋላ ሆዷን ቀዶ ማውጣት ነው የሚቀረው። ዘንቢላችንን ይዘን ገበያ መውጣት የማን ፈቃድ ይጠይቃል? እናቶቻችን ዕድሜ ልካቸውን ሲገበዩበት ኖረዋል።

የጓሮ ቆሻሻ ከፍግ ጋር ደባልቃችሁ ማሳ ላይ የምትበትኑ፣ አስቀድማችሁ ፌስታሉን ለዩት። አቃጥለን እንገላገለው የምትሉም አላችሁ፤ ጭሱ መርዝ ነው፣ የሚተነፍሰውም መጀመሪያ የራሳችሁ ልጅ ነው፤ አመዱ ውስጥ የቀረው ቁራጭም ተመልሶ ማሳ ይገባል። በአቃቂ ወንዝ ዳር ጎመንና ሰላጣ ለሚያለሙት ደግሞ ከላይ ያለው ከተሜ ሊያዝንላቸው ይገባል፤ እሱ ቦይ ውስጥ የጣለውን ጎርፍ ጠርጎ የሚያወርደው በእነሱ መደብ ላይ ነው፤ ጎመኑም ዞሮ የሚቀርበው ለእሱ ማዕድ ነው።

አንድ ነገር ከሁሉ ይበልጥ ያሳዝነኛል። ችግኝ የሚፈላው በላስቲክ ነው። ክረምት ሲገባ ለምድር በጎ ለመሥራት እንወጣለን፤ ተቻኩለን ችግኙን ከነላስቲኩ ጉድጓድ የምንከት ግን አለን። ሥሩ ታፍኖ ይጠማዘዛል፣ ችግኙም ቢደርቅ ላስቲኩ እዚያው ይኖራል። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይባላል፤ ይህን ግን የሚለቅም አይገኝም። ስለዚህ ልጆቼ፣ በሚመጣው ክረምት ለተከላ ስትወጡ ጆንያ ያዙ፤ ላስቲኩን ቀዳችሁ አውጡ፣ ቆጥራችሁ ሰብስቡ፣ የተከላችሁትን ያህል ላስቲክ ይዛችሁ ተመለሱ።