ተፈርዶልሃል፤ ጠብቅ

ይግባኝ ማለት መብት ነው። በእኛ አገር ደግሞ የቆየ ልማድም ነው፤ ከጭቃ ሹም ደጅ የተነሣ ሙግት ደረጃ በደረጃ እየወጣ እስከ ዙፋን ችሎት ይደርስ ነበር። ስለዚህ “የተፈረደበት ሰው ዝም ይበል” ብል ቀድሞ የሚስቅብኝ የጎጃም ሰው ነው። የኔ ጥያቄ ሌላ ነው፦ ሕግ የፈቀደልንን ሁሉ ብናደርግ ትክክል ሠራን ማለት ነው ወይ?

ነገሩን በምሳሌ እንየው። ከደብረ ማርቆስ በላይ፣ ከሮብ ገበያ ደጋ የወጣ አንድ ጎረምሳ አለ እንበል። የገብስና የድንች ማሳው ለወንድማማች አልበቃ ቢለው ከተማ ሄዶ ሕንፃ ሥራ ገባ። መወጣጫው ተናደና እግሩን ተጎድቶ ቀረ።

ሕጉ ለዚህ ልጅ ክፉ አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011፣ ከሱ በፊት እንደነበረው 377/96 ሁሉ፣ በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው ይላል። በጡረታ ሕግ ያልተሸፈነ ሠራተኛ ፈጽሞ መሥራት ካቃተው የአምስት ዓመት ደመወዙን፣ ጉዳቱ ከዚያ ካነሰም እንደ መጠኑ ያገኛል። ችሎቱም በ60 ቀን ውስጥ እንዲወስን ታዟል። ሕግ አውጪው የተጎዳ ሰው ሆድ ቀጠሮ እንደማያውቅ ገብቶታል ማለት ነው።

ታዲያ አሠሪው “መድን ገብቻለሁ” ይላል፤ የመድን ኩባንያው ይገባል፤ ይከራከራል፤ ይፈረድበታል፤ ይግባኝ ይላል።

“ልጄ፣ ፈረዱልህ አይደል? ብሩ የታለ?” ትላለች እናት።

“ይግባኝ ብለዋል፣ እናቴ።”

“ከፈረዱልህ ወዲያ ደግሞ ምን አጠፋህ?”

እስቲ በኩባንያውም ወንበር እንቀመጥ። ገንዘቡ ዓረቦን የከፈለው ሁሉ ነው። የጉዳቱን መቶኛ የሚጽፍ ሐኪም ሊሳሳት ይችላል፤ ዳኛም እንዲሁ፤ አጭበርባሪም አይጠፋም። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ግን ስለ እውነት የሚባል ይግባኝ አለ፤ ጊዜ ለመግዛት የሚባልም አለ። በወረቀት ሲታዩ አንድ ናቸው፤ ማኅተማቸውም ያው ነው።

ጊዜ ደግሞ ለሁለቱም እኩል አይደለም። 60 ቀን ለኩባንያው አንድ ፋይል መደርደሪያ ላይ ማቆየት ነው፤ ለልጁ ግን ስምንት ሮብ ነው። በየሮቡ ከቤት አንድ ነገር ወጥቶ ይሸጣል፤ መጀመሪያ ዶሮዋ፣ ቀጥሎ በጓ፣ በመጨረሻ ጊደሯ። ብሩስ ቢሆን መች ይጠብቃል? ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ በፊት የተፈረደ ካሳ ዛሬ ቢከፈል ቁጥሩ ያው ነው፤ የሚገዛው ግን ያው አይደለም። ላም አለኝ በሰማይ ይሏል ይህ ነው!

ፍራንዝ ካፍካን በደራሲነቱ እንጂ በእንጀራው ብዙ ሰው አያውቀውም። እ.ኤ.አ. ከ1908 እስከ 1922 ፕራግ ውስጥ በሠራተኞች የአደጋ መድን ተቋም የሕግ ባለሙያ ነበር። ወዳጁ ማክስ ብሮድ እንደጻፈው፣ አካላቸው የጎደለ ሠራተኞች ተቋሙን እንደማፍረስ በትሕትና ሊለምኑ መምጣታቸው ይደንቀው ነበር። ከጻፋቸው ታሪኮችም በአንዱ፣ ከገጠር የመጣ ሰው በሕግ ደጃፍ ሲጠብቅ ዕድሜው ያልቃል። ዘበኛው ጨርሶ አልከለከለውም እኮ፤ ለጊዜው እንደማይቻል ነው የነገረው።

እና ምን ይሻላል? የይግባኝን በር መዝጋት አይሆንም፤ ነገ ያው ልጅ ራሱ ይፈልገዋል። የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጋችን ግን ይግባኝ ማለት ብቻውን የፍርድ አፈጻጸምን እንደማያግድ ይናገራል፤ እገዳ የሚመጣው ተጠይቆ፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ነው። እንግዲህ መፈተኛው እዚህ ላይ ነው። ኩባንያው ጉዳቱ 30 በመቶ መሆኑን አምኖ 50 መባሉን ይክዳል? የሠላሳውን ዛሬ ይክፈልና በሃያው ይሟገት። ልጁ እህል ቀምሶ ቢከራከር እውነት አንዳች አይጎድልባትም። የሚጎድል ነገር ካለ፣ ከመዘግየት ይገኝ የነበረው ትርፍ ነው።