ባሕረ ሐሳብ የዓለምን ዕድሜ ይመሰክራልን?

በየዓመቱ መስከረም 1 ቀን፣ በዳንግላም እንደ ሌላው አገር ሁሉ፣ የዓመቱ አጽዋማትና በዓላት በባሕረ ሐሳብ ተቀምረው ለምእመናን ይታወጃሉ። የቀመሩ መነሻ አንድ ትልቅ ቁጥር ነው፤ 5500 ዓመተ ኵነኔ በዓመተ ምሕረቱ ላይ ይደመራል። ለ2018 ዓ.ም. ድምሩ፣ ዓመተ ዓለም የሚባለው፣ 7518 ይሆናል። ጾመ ነነዌ ከሰኞ፣ ፋሲካም ከእሑድ ወጥተው አያውቁምና «እንዲህ የማይስት ቀመር የቆመበት ዓመተ ዓለምም ትክክል መሆኑ በዚሁ ተረጋገጠ» የሚሉ አሉ። ክርክሩ ከቅን ልብ የመነጨ ነው፤ ስሌቱን ግን ያልተናገረውን ያስመሰክረዋል።

ስሌቱን ቀረብ ብለን እንየው። 7518 ለ19 ሲካፈል 395 ጊዜ ደርሶ 13 ይቀራል፤ አንዱ ተቀንሶ ወንበር 12 ይሆናል። 12 በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ (ተካፍሎ ቀሪው ብቻ ሲያዝ) አበቅቴ 12፣ በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ ደግሞ መጥቅዕ 18 ይወጣል። በዓለ መጥቅዕ መስከረም 18፣ እሑድ ይውላል፤ የእሑድ ተውሳክ (ጭማሪ) 7 ሲጨመርበት ነነዌ ጥር 25፣ ፋሲካም ከነነዌ ተቆጥሮ ሚያዝያ 4 ይሆናል። 395ቱ የት ገባ? የትም አልገባም። ስሌቱ የፈለገው ቀሪውን ብቻ ነው፤ የዓለም ዕድሜ ርዝመት ያለው ግን በተጣለው ድርሻ ውስጥ ነው። የጨረቃው ዐውድ 19፣ የፀሐዩ ደግሞ 28 ዓመት ነው፤ ሁለቱ ቁጥሮች ከ1 በቀር የጋራ አካፋይ ስለሌላቸው ዐውዶቹ አብረው ወደ መነሻቸው የሚመለሱት በ532 ዓመት፣ በዐቢይ ቀመር ነው። ስለዚህ በ5500 ፈንታ 6032 ብንይዝ ድምሩ 8050 ይሆናል፤ ለ19 ሲካፈል የሚቀረው ያው 13 ነው፣ ዕለታቱም አይለወጡም። የቁስጥንጥንያ አቆጣጠር ደግሞ ይህንኑ ዓመት 7534 ይለዋል፤ በ16 ዓመት ይበልጠናል። መነሻውን በራሱ ልክ ስላስተካከለ ግን የዳንግላና የአቴና ኦርቶዶክሳውያን ፋሲካን የሚያከብሩት በአንድ ቀን ነው።

«እንዲህ ከሆነ 5500 ባዶ ቁጥር ነውን?» የሚል ይኖራል። አይደለም። ለአዳም ከተሰጠው የአምስት ቀን ተኩል ተስፋ፣ አንዱን ቀን እንደ ሺህ ዓመት ከመቁጠር የመጣ ነው። እግዚአብሔር ቃሉን እንደ ጠበቀ መመስከሪያ ነው እንጂ ከማካፈል የተገኘ ውጤት አይደለም። «ባሕረ ሐሳብ ለዲሜጥሮስ መገለጡስ?» ለሚለውም ትውፊቱ ራሱ ይመልሳል፤ የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ የለመነው አጽዋማቱና በዓላቱ ዕለታቸውን እንዳይለቁ ነው እንጂ የዓለም ዕድሜ እንዲገለጥለት አይደለም።

ስሌቱን ለዓለም ዕድሜ ምስክር ማድረግ ሃይማኖትንም ይጎዳል። ቀመሩ 19 ዓመትን ከ235 የጨረቃ ወራት ጋር እኩል አድርጎ ይይዛል፤ በሰማይ ግን ልዩነቱ ተጠራቅሞ በ300 ዓመት ገደማ አንድ ቀን ይሞላል። ይህ ለበዓላቱ ሥርዓት እንቅፋት አይሆንም፤ እምነቱን በስሌቱ ላይ ላቆመ ሰው ግን መልስ የሚያሳጣ ጥያቄ ነው። ስለዚህ የባሕረ ሐሳብ መምህራን ሆይ፣ ደቀ መዝሙሩ ገድፎ ቀሪውን ሲይዝ፣ ድርሻው ለምን እንደሚጣልም አብራችሁ አስተምሩት።